የቢትኮይን ኪሳራዬን በታክስ ቅጽ ላይ ስሞላ

አሜሪካ ውስጥ ታክስ የሚሞላ ሰው በዓመታዊው የገቢ ግብር ቅጽ (በፎርም 1040) የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በዓመቱ ውስጥ እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ንብረት ሸጦ፣ ለውጦ ወይም በክፍያ መልክ ተቀብሎ እንደሆነ ይጠየቃል፤ እኔ «አዎ» በሚለው ሳጥን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ምልክት ያደረግሁት ከትርፍ ይልቅ ኪሳራ ባየሁበት ዓመት ነበር።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው፣ ገንዘቡ ባንክ እስካልገባ ድረስ ግብር የለበትም ብለን ስናስብ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ክሪፕቶን፣ ማለትም ቢትኮይንንና መሰሎቹን፣ የሚያየው እንደ ገንዘብ ሳይሆን እንደ ንብረት ስለሆነ፣ ቢትኮይንን በሌላ ክሪፕቶ፣ ለምሳሌ በኢቴሪየም፣ መለወጥ ብቻውን እንደ ሽያጭ ይቆጠራል። በ1,000 ዶላር የገዛሁት ቢትኮይን 1,400 ዶላር ሲያወጣ ብለውጠው፣ አንድ ዶላር እጄ ሳይገባ የ400 ዶላር ትርፍ ማስመዝገብ አለብኝ። ገዝቶ ዝም ብሎ ማስቀመጥ ግን ግብር አያስከትልም።

እያንዳንዱ ሽያጭ፣ ንብረቱ ከተገዛበትና ከተሸጠበት ቀንና ዋጋ ጋር በፎርም 8949 ላይ ይሰፍራል፤ ድምሩም ከንብረት ሽያጭ የመጣ ትርፍና ኪሳራ ወደሚጠቃለልበት ቅጽ፣ ወደ ስኬጁል ዲ፣ ይሻገራል። አድካሚው ሥራ ይኸው ነው። ክሪፕቶዬን ከአንዱ መተግበሪያ ወደ ሌላው ሳዘዋውር የመጀመሪያው የግዢ ዋጋ አብሮ ስላልተሻገረ፣ የድሮ ኢሜይሎቼን ስበረብር ሁለት ቅዳሜ አለፈብኝ፤ ለዚያውም ለኪሳራ!

ኪሳራው በመጀመሪያ ሌላውን የካፒታል ትርፍ (ከንብረት ሽያጭ የተገኘ ትርፍ) ያጣፋል፤ ከዚያ የተረፈው ከደመወዝና ከመሳሰለው ገቢ ላይ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ድረስ ይቀነሳል። የእኔ 4,200 ዶላር ስለነበረና የማጣፋው ትርፍ ስላልነበረኝ፣ 1,200ው ወደ ቀጣዩ ዓመት ተላልፏል።