በርሜሎቼን ለምን አስደፋችሁብኝ?

ደብረ ብርሃን ላይ ቲማቲም ለማልማት የምታስቡ ካላችሁ ይህን አንብቡ። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

የላስቲክ ቤቱ ቀላል ነው። ባሕር ዛፍ፣ ላስቲክ፣ ሚስማር፣ አለቀ። ጣጣው ከጥቅምት ወዲያ ያለው ሌሊት ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ይደርቃል፣ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቀዋል። ሊነጋጋ ሲል ውርጭ ይወርዳል።

መላውን ያገኘሁት ከባሕር ነው። ምጽዋ ወይም ጂቡቲ ያደረ ሰው ያውቀዋል፤ ፀሐይ ጠልቃም ወበቁ አይለቅም። በኪሎ ሲሰላ፣ ውሃ 1 ዲግሪ ለመሞቅ ከደረቅ አፈር 5 እጥፍ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም። የኖርዌይዋ በርገንና የሳይቤሪያዋ ያኩትስክ ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ይቀራረባል። ጥር ላይ በርገን ዜሮ አካባቢ ስትሆን፣ ያኩትስክ ከዜሮ በታች 40 ገደማ ትደርሳለች። በርገንን ያዳናት ከውቅያኖሱ የሚነፍሰው ነፋስ ነው።

ባሕር ባይኖረን በርሜል አናጣም። ባለ 200 ሊትር በርሜሎች ጥቁር ቀባሁ፣ ውሃ ሞላሁ። የበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በሰሜኑ ግድግዳ በኩል ደረደርኳቸው። አንዱ በርሜል 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት፣ 1 ኪሎ ዋት ምድጃ ከ2 ሰዓት በላይ ነዶ የሚሰጠውን ያህላል። ሠራ!

ከዚያ የግብርና ባለሙያው መጣ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። «ውሃ ብርድ ይጠራል፣ ድፉት። ይልቅ ጭስ አጭሱ» ብሎ ወንድሜን አዘዘው። ከመንግሥት የመጣ ሰው ነውና ታዘዘ። በርሜሎቹ ተደፉ፣ ጭሱ ሲንቦለቦል አደረ። ስመለስ ቅጠሉ ሁሉ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። በጣቴ ጫን ስለው ውሃ ያዥቃል። ፀሐይ ሲመታው ጠቆረ። ደውዬ ብጠይቀው «ዘንድሮ ውርጩ ከባድ ነው» አለኝ። እስቲ ይሄ መልስ ነው? ውርጩ ከባድ ባይሆን በርሜል ምን ያስደረድረኛል? ጭስ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት እምብዛም አያግድም። የሚረዳው እሳቱ ራሱ ነው፣ እሱም ቅርብ ከሆነ። እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

እንደገና ተከልኩ፣ በርሜሎቹንም ሞላሁ። በርሜሉን ክደኑት፤ ክፍት ከሆነ ትነቱ ሙቀቱን ይወስዳል፣ እርጥበቱም በሽታ ይጠራል። ላስቲኩን ፀሐይ ሳትጠልቅ ዝጉ። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፣ እናንተ ብርድ ናፋቂዎች ናችሁ። ከቤት ስትወጡ ደግሞ በርሜሉን ማንም እንዳይነካ አጥብቃችሁ ተናገሩ፣ ባለሙያም ቢሆን።