የወረታው የእድር ዳኛ

ዛሬ ወረታ ለቀብር ሄጄ ነበር። የሰፈራችን የእድር ዳኛ፣ ዕድሜ ጠግበው አረፉ። እስኪሞቱ ድረስ ከብት አርቢ ነበሩ። ከብት ስል የፎገራን ላም ነው፤ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬዋን፣ ወተተኛዋን። የፎገራ ሜዳ በሩዝ ተሸፍኖ ግጦሽ ሲጠብ ብዙ ሰው ከብቱን ሸጠ። እሳቸው ግን "ዘሯ ይጥፋ እንዴ?" ብለው እምቢ አሉ።

ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው የሰው ጥጃ ከውሃ ያወጡ ነበር። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ተካዩ፣ አግዳሚ ወንበር ቆጥሮ ተረካቢው፣ ጎረቤት ሲጣላ አስታራቂው እሳቸው። አምስት ሳንቲም ሳይቀበሉ! ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጣላችን ልክ አልነበረም ባይ ነኝ።

ላሞቹን ልጃቸው ተረክቧል። ዳኝነቱን ማን እንደሚይዝ እድሩ እሁድ ይነጋገራል። ነፍስ ይማር፣ ጋሼ።