ያገለገለ ስቲም ዴክ ስገዛ ያልጠየቅኩት ጥያቄ

በእጅ ተይዘው የሚጫወቱባቸውን ሁለት የጌም መሣሪያዎች፣ ስቲም ዴክንና ኔንቲዶ ስዊች ላይትን፣ በደንብ አወዳድሬያለሁ ብዬ ነበር። የታናሽ እህቴን ኔንቲዶ ስዊች ላይት ተውሼ ሳምንት ሙሉ ተጫወትኩበት። 275 ግራም ስለሆነ በጀርባ ተኝቶ ሽቅብ ለመያዝ እሱን የሚያህል የለም። ግን እጄ ትልቅ ነው፤ ሰዓት ሳይሞላ ጣቶቼ ይያዛሉ። የመጀመሪያው ስቲም ዴክ 669 ግራም ይመዝናል፤ ጭን ላይ ትራስ ካላደረጉለት ክንድ ያዝላል። መያዣው ግን መዳፍ ይሞላል፤ ስክሪኑም 7 ኢንች ስለሆነ (የላይቱ 5.5 ነው) ጽሑፉን ዓይኔን ሳላጨነቁር አነባለሁ። ዴኩን መረጥኩ።

ሻጩ ዋጋውን ከነገረኝ በኋላ፣ «የኔ ወንድም፣ ሠላሳ ጌም ተጭኖበታል። ከኢንተርኔት ጋር ብቻ እንዳታገናኘው» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ዳታ እንዳይበላብኝ ያሰበልኝ መስሎኝ አመስግኜው ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት በደስታ ተጫወትኩ። አንድ ቅዳሜ ዋይፋይ ከፈትኩለት፤ ወዲያው ፓስወርድ ጠየቀኝ። ለካ አካውንቱ የሻጩ ነው፤ ፓስወርዱንም ቀይሮታል። ስደውል «ማታ እልክልሃለሁ» አለ። በማግስቱ ስልኩን አላነሳም። ሱቁ ድረስ ሄድኩ፤ ያገኘሁት ልጅ ዴኩን አብርቶ እያሳየኝ «ዕቃው ይሠራል አይደል እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ይሠራል። ግን ስቲም (የዴኩ ጌሞች የሚገዙበት የኢንተርኔት መደብር) ላይ ጌም የሚገዛው ለአካውንት ነው፣ ለዕቃው አይደለም። የሠላሳ ጌም ዋጋ ከፍዬ አንድም ጌም የለኝም። በሻጩ እስከዛሬ እበሽቃለሁ፤ በራሴ ደግሞ ይብሳል። ግራምና ኢንች ስቆጥር ከርሜ፣ የማን አካውንት እንደተከፈተበት ለማየት አንድ ደቂቃ አጣሁ።

ከሴቲንግ ውስጥ ሁሉንም አጥፍቼ በራሴ አካውንት ገባሁ። ከዚያ የሌሊት ጥቅል እየገዛሁ አንድ በአንድ ማውረድ ሆነ።

ያገለገለ ዴክ የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ሻጩ ፊት በውስጡ ያለውን ሁሉ አስጠፉት፤ በስልካችሁ ሆትስፖት በራሳችሁ አካውንት ግቡ። እምቢ ካለ ጥላችሁ ውጡ። የወረደ ጌም ደግሞ ኢንተርኔት ሳለ አንዴ ከፍታችሁ እዩት፤ አለበለዚያ መንገድ ላይ ላይነሳ ይችላል። ቻርጀሩ 45 ዋት ነው፤ በተራ የስልክ ቻርጀር እየተጫወታችሁ ባትሪው ሲወርድ ታዩታላችሁ።

ሱቆቹ ሁሉ ዲጂታል (ከኢንተርኔት የሚወርድ ጌም) ግዙ፣ ይቀላል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ኢንተርኔቱ እንደኛ ለሆነ ሰው ጌሙ ያለበት የስዊች ካርድ ይሻላል፤ ሰክተህ ትጫወታለህ፣ ሲሰለችህ ትሸጠዋለህ ወይም ታውሰዋለህ። እህቴ ያላት አራት ካርድ ብቻ ነው። አንዱ አሁን የጎረቤት ልጅ ጋ ነው፤ ማንም ፓስወርድ አልጠየቀውም።