ከዲሲ ሚኒያፖሊስ በኪራይ መኪና፦ የቶሉን ጣጣ ቀድማችሁ እወቁ

ከዋሽንግተን ዲሲ ሚኒያፖሊስ 1,100 ማይል አካባቢ ነው፤ የሚነዳው ብቻ 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል። አራት ሆናችሁ አብሮ አደጎቻችሁን ልትጠይቁ ከሆነ ከአውሮፕላን ይረክሳል፤ ጨዋታውም ከመንገዱ ይጀምራል። ጋዙንና ሆቴሉን ማንም ያሰላዋል። የሚያስጠነቅቅ ሰው የማይገኘው ለቶሉ፣ ማለትም ለመንገድ ማለፊያ ክፍያው ነው፣ በተለይ መኪናው ኪራይ ከሆነ። ለእኔም የነገረኝ አልነበረም፤ እናንተ ግን ስሙ።

ኪራይ የሚመረጠው ደርሶ መልስ ከ2,000 ማይል በላይ በራስ መኪና ላይ መጫን ስለማያዋጣ ነው፤ ኡበር የምትሠሩበት ከሆነማ ጭራሽ። ማይሉ ያልተገደበ መሆኑን ውሉ ላይ እዩ። መሪ የሚይዝ ሰው ሁሉ ስሙ ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ ሰው ነድቶ ቢጋጭ ኢንሹራንሱ ሊያፈገፍግ ይችላል። የራሳችሁ የመኪና ኢንሹራንስ ኪራይንም ይሸፍን እንደሆነ ከቤት ሳትወጡ ደውላችሁ ጠይቁ እንጂ ካውንተር ላይ፣ ከኋላችሁ ሰልፍ ቆሞ፣ አትወስኑ። መኪናውን ዙሪያውን በቪዲዮ ቀድታችሁ ውጡ።

መንገዱ አያደናግርም፦ ሃይዌይ 270ን ይዛችሁ ፍሬድሪክ፣ 70ን ይዛችሁ ብሪዝዉድ፣ ከዚያ የፔንሲልቬንያ ተርንፓይክ (ቶል የሚከፈልበት ሃይዌይ)፣ የኦሃዮ ተርንፓይክ፣ የኢንዲያና ቶል ሮድ፣ በቺካጎ ዳር 294፣ ቀጥሎ 90 በማዲሰን በኩል እስከ ቶማ፣ ከቶማ 94 ሚኒያፖሊስ ድረስ። ብሪዝዉድ ላይ ሃይዌዩ ድንገት አልቆ ከትራፊክ መብራት፣ ከነዳጅ ማደያና ከሀምበርገር ቤት መሃል ትገባላችሁ። ጂፒኤሱ አልተሳሳተም፤ 70 እዚያ ጋ ከተርንፓይኩ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ሽንት ቤት ሄዳችሁ ቀጥሉ።

አሁን ወደ ቶሉ። ከብሪዝዉድ እስከ ኦሃዮ ድንበር 161 ማይል፣ ኦሃዮን ለማቋረጥ 241፣ ኢንዲያና ውስጥ ሌክ ስቴሽን እስክትወጡ 136 ገደማ። የጉዞው ግማሽ ያህል ቶል ነው ማለት ነው፤ የኢሊኖይ ገና አልተቆጠረም። የፔንሲልቬንያው ተርንፓይክ ከ2020 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ኢዚፓስ (መስታወት ላይ ተለጥፎ ቶሉን ከአካውንታችሁ የሚያስቆርጥ ዕቃ) ከሌላችሁ ካሜራው ታርጋችሁን ያነሳና ቢሉን ለመኪናው ባለቤት ይልካል፤ የታርጋው ዋጋ ደግሞ የኢዚፓሱን እጥፍ የሚጠጋ ነው። የኪራይ መኪና ባለቤት ኪራይ ቤቱ፣ መኪናውን ያከራያችሁ ድርጅት ነው። እሱ ይከፍልና ያንኑ ውድ ዋጋ፣ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮበት፣ ከካርዳችሁ ይቆርጣል። ይኼም የሚመጣው መኪናውን መልሳችሁ ነገሩን ከረሳችሁት ከሳምንታት በኋላ ነው።

ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ «አትጨነቁ፣ መኪናው የራሱ የቶል ዕቃ አለው» ትላችኋለች። እውነቷን ነው፣ አለው። የማትናገረው የክፍያውን አቆጣጠር ነው። አንዳንዱ ኪራይ ቤት የአገልግሎት ክፍያውን የሚያስበው ቶል ባለፋችሁበት ቀን ብቻ ነው። ሌላው ግን አንዲት ቶል ካለፋችሁ ኪራዩ እስኪያልቅ ያለውን ቀን ሁሉ ያስከፍላል። እኔ የተከራየሁበት ሁለተኛው ዓይነት ነበር፦ መኪናው ሚኒያፖሊስ ጓደኛችን ግቢ ቆሞ የዋለባቸው ቀናት ሳይቀሩ ተቆጥረዋል። ዊስኮንሲን ቶል መንገድ የሚባል የለውም፤ ሚኒሶታ ቢኖረው የኤክስፕረስ ሌን (መቅደም የፈለገ ከፍሎ የሚገባበት መስመር) ነው። እኛ እዚያ ቡና ስናፈላ የቶል አገልግሎት ይታሰብብን ነበር!

ይባስ ብሎ፣ የራሴ ኢዚፓስ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ሳለ የመኪናው ዕቃም አብሮ ተነቧል። ይህ ዕቃ ከኋላ ማሳያው መስታወት አጠገብ የተለጠፈች ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ናት፤ የምትንሸራተት ክዳን አላት። ክዳኗ ክፍት ከሆነ አንቴናው ያነባታል፤ የእናንተንም ያነባል፤ ለአንድ መተላለፊያ ሁለት ክፍያ። መኪናውን ስትረከቡ ክዳኗ ክፍት ልትሆን ትችላለች፤ ዝጉ የሚል ሰው አይኖርም። ስለዚህ ሞተር ሳታስነሱ እጃችሁን ሰዳችሁ ጠቅ እስክትል ግፉና ፎቶ አንሱ፤ ሰዓቱ የሚታይ ፎቶ።

አቤቱታው ሌላ ፈተና ነው። ኪራይ ቤቱ «ቶሉን የሚይዝልን ሌላ ድርጅት ነው፣ እዚያ ደውል» ይላል። እዚያ ሲደወል «ውሉን የፈረምከው ከኪራይ ቤቱ ጋር ነው» ይባላል። በስልክ አትድከሙ። የሚሠራው ወረቀት ነው፦ ከኢዚፓስ አካውንታችሁ የጉዞውን ስቴትመንት አውጡ። ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ እስከ ደቂቃው ተጽፏል። ከኪራይ ቤቱ ቢል ጎን አስቀምጣችሁ፣ ተመሳሳዮቹን መስመሮች አስምራችሁ በኢሜይል ላኩ። ሁለቴ የተቆረጠውን መለሱልኝ። የቀን የቀኑን የአገልግሎት ክፍያ ግን «ውሉ ላይ ተጽፏል» ብለው አስቀሩት፤ ተጽፏል፣ በጉንዳን ፊደል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ ኢዚፓስ ከፔንሲልቬንያ እስከ ሚኒሶታ ድረስ ይሠራል፤ ለየስቴቱ የተለየ አያስፈልግም። ታርጋውን የምታውቁት መኪናውን ስትረከቡ ስለሆነ፣ ከፓርኪንጉ ሳትወጡ በስልካችሁ አካውንታችሁ ውስጥ አስገቡት፤ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን የሚጠይቅ ከሆነ እሱንም ሙሉት። ዕቃው ሳይነበብ ቢቀር እንኳ ታርጋው ከእናንተ አካውንት ጋር ስለሚገናኝ ቢሉ ወደ ኪራይ ቤቱ የመሄድ ዕድሉ ይቀንሳል። መኪናውን የመለሳችሁ ዕለት ታርጋውን አጥፉ፤ ካልሆነ የሚቀጥለው ተከራይ በእናንተ ሂሳብ ይሽከረከራል። ዕቃውን በእጅ ይዞ ማሳየት፣ ኩባያ ማስቀመጫ ውስጥ መጣል አይሠራም፤ መስታወቱ ላይ ከማሳያው ጀርባ ይለጠፍ። መስታወታቸው ብረት የተቀባ መኪኖች አሉ፤ በእነሱ ላይ ከማሳያው አጠገብ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ቦታ ፈልጉ። አካውንቱ ውስጥ ገንዘብ መኖሩን፣ የተያያዘው ካርድም ጊዜው አለማለፉን እዩ። የኪራይ ቤቱን የቶል ፓኬጅ ደግሞ እምቢ በሉ፣ ልጅቷ ምንም ያህል ብትስቅላችሁ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ኢንዲያና መጨረሻ ላይ ሰዓቱ በአንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። በላዩ የሐበሻ አቆጣጠር ሲጨመርበት «በ2 ሰዓት እንደርሳለን» ማለት ሰው ማስራብ ነው፤ ለጓደኞቻችሁ በነሱ ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ንገሯቸው። ቅዳሜ በሐበሻ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታችሁ ሳውዝ ቤንድ እደሩና ቺካጎን እሁድ ጠዋት እለፏት። በሥራ ቀን ጠዋት 294 ላይ መቆም የሚወድ ሰው የለም።

እንጀራ ለራሳችሁ መንገድ እንጂ ለስጦታ አትጫኑ፤ ሚኒያፖሊስ ሞልቷል። በትኩሱ አትጠቅልሉት፣ ላብ ይዞ ይሻግታል፤ በደንብ ቀዝቅዞ ይታሸግ። ወጡን በዚፕ ከረጢት ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በረዶ አስይዙት፤ ለኩለሩ በረዶ ይሆናል፣ ማታ ሆቴል ስትደርሱ ይቀልጣል።

ከቶሉ መሸሽ የሚፈልግ ሰው ሃንኮክ ላይ 68ን ይዞ ሞርጋንታውን፣ 79ን ወደ ሰሜን፣ ከዚያ 70ን በኮሎምበስ በኩል ኢንዲያናፖሊስ፣ 74ን ኖርማል እስከምትባለው ከተማ፣ 39ን እስከ ሮክፎርድ ይሂድ። ከሮክፎርድ በላይ አንዲት የኢሊኖይ ቶል አለች፤ ሌላው ነጻ ነው። ይረዝማል፣ ግን ቺካጎን አታዩትም፤ ኮሎምበስ ላይ ደግሞ ሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም። በአሜሪካ በጋ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግን 68ን አትሞክሩት፤ ምዕራብ ሜሪላንድ ተራራው ላይ የሚጥለው በረዶ ዲሲ ከምታውቁት ጋር አይገናኝም፣ ኪራይ መኪና ደግሞ የክረምት ጎማ አድርጎ አይጠብቃችሁም።