የአማትና የምራት ሞንታዥ

የሴት አያቴ ፊት ዋና ጠባዩ ምንም አለማለቱ ነው። ሎተሪ ቢደርሳቸውም ቆጣሪ ቢቃጠልም ያው ነው። ስለዚህ የፊልም ቲዎሪ መምህራችን የኩሌሾቭን ሙከራ በስልካችሁ ድገሙ ሲለን፣ ክፍሉ ሁሉ ተዋናይ ፍለጋ ሲራወጥ እኔ ተዋናዬ ቤት ቁጭ ብለው ሬዲዮ እያዳመጡ ነበር።

ለማያውቅ፦ ፊልም ሠሪው ሌቭ ኩሌሾቭ ከሩሲያ አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት የኢቫን ሞዡኪንን ፊት ወሰደ። ሞዡኪን ከአብዮቱ በፊት ስሙ የገነነ ተዋናይ ነው። ያንን አንድ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ካለ አስከሬን፣ አንዴ ከሴት ጋር ቀጣጠለው፤ ሞንታዥ የሚባለው ይኸው ምስልን ከምስል ማቀጣጠል ነው። ተመልካቹ ረሃቡን፣ ሐዘኑን፣ ምኞቱን አየ፤ ትወናውንም አደነቀ ይባላል። «ይባላል» የምለው ፊልሙ ስለሌለ ነው። ኩሌሾቭና ተማሪው ፑዶቭኪን እንኳ ምስሎቹ ምን ምን እንደነበሩ ሲናገሩ አይገጥሙም። እ.ኤ.አ. በ1992 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ደግመው ሞክረውት እንደተወራለት አልሠራም። ለሙከራው አማትና ምራት ስላልተጠቀሙ ይመስለኛል።

ቀረጻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ተንኮል አለው። ስልኩን አፍንጫ ሥር ደቅኖ መቅረጽ አይሆንም፤ ሰፊው ሌንስ ከቅርብ ሲሆን አፍንጫን አግዝፎ ጆሮን ወደ ኋላ ይሸሽጋል። ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ሁለት እጥፍ ማቅረቢያውን መጠቀም ነው። ስልኩ ከተቀማጩ ዓይን ትክክል ይሁን፤ ብርሃኑ ከጎን፣ ከመስኮት ይምጣ። አምፖል ካበራችሁ ግን የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሹ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት የሰከንድ ክፋይ፣ 1/60 ላይ ከሆነ ጥቁር ሰንበሮች በምስሉ ላይ ሲንሳፈፉ ታያላችሁ፤ 1/50 ወይም 1/100 ሲደረግ ይጠፋሉ። ቀጥሎ ስክሪኑን ፊቱ ላይ ተጭኖ በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን መቆለፍ ያስፈልጋል። ካልተቆለፈ ደመና ባለፈ ቁጥር ስልኩ በራሱ ፈቃድ ያጨልማል፤ ተመልካቹም ሴትየዋ ፊታቸው ጠቆረ ብሎ ይተረጉመዋል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው የዓይን አቅጣጫው ላይ ነው። ሰውየው ወደ ላይ እያየ ቀጥሎ መሶብ ከመጣ፣ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ወጥ የሚያይ ይመስላል። ስለዚህ ከሌንሱ በስተግራ አንድ ስንዝር ያህል፣ ከዓይናቸው ዝቅ ብሎ አንድ ምልክት ይደረግና «ይቺን ይዩ» ይባላል። ኋላ ወጡ ሲቀረጽ ደግሞ ስልኩ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ያለበት ቁመት ላይ ሆኖ ቁልቁል ይመለከታል። ተዋናዩ ስለሚመጣው ነገር አንዳች አይነገረውም። «ያዘኑ ይምሰሉ» የተባለ ሰው ወዲያው ቴአትር ይጀምራል፤ ያኔ ሙከራው አለቀለት። አያቴ 20 ሰከንድ ሙሉ ወንበር መደገፊያ ላይ የለጠፍኳትን ቁራጭ ፕላስተር አዩ፤ እኔም አመስግኜ ሬዲዮናቸውን መለስኩ።

ሬሳ ሣጥን የሚለውን ቃል ግን ገና ስጀምረው «በስመ አብ!» ብለው ስላማተቡ፣ በእሱ ፈንታ የሟቹን የወንድ አያቴን ጋቢ ባዶ ወንበር ላይ አነጠፍኩ። ለሦስተኛው የጎረቤት ሕፃን ተገኘ። ለሾርባው ምትክ ደግሞ እቴቴ፣ የአጎቴ ሚስት፣ የአያቴ ምራት ማለት ነው፣ ሰንበቱን አስባ የሠራችው ዶሮ ወጥ ነበር።

ኤዲቲንጉ ሦስት ሰከንድ ፊት፣ አራት ሰከንድ ነገሩ፣ አምስት ሰከንድ ፊት ነው። ሁለተኛው ፊት ረዘም የሚለው ተመልካቹ የራሱን ሐሳብ የሚጽፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው፤ ከሁለት ሰከንድ ካነሰ ለመጻፍ ጊዜ አያገኝም። ዓይን የተጨፈነበት ቅጽበት ላይ አይቆረጥም። ምስል በምስል ላይ እየሟሟ የሚገባበት ጌጥም አይደረግም፤ እሱ ጊዜ ማለፉን ስለሚናገር በሚያየውና በሚታየው መካከል ያለውን ክር ይበጥሳል። ድምፁም ይጥፋ። ሦስቱም ክሊፕ ላይ ያው የሬዲዮ ማስታወቂያ ከተሰማ ምስጢሩ ወጣ።

ሙከራ መሆኑን የሚያውቅ ተመልካች ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሦስቱንም ያለ ምንም ማብራሪያ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኳቸው።

ጋቢው ላይ ሁሉም አለቀሰ። «ውይ እናቴ፣ እስከ ዛሬ አልወጣላቸውም» ተባለ። ሕፃኑ ላይ «ለልጅ ሲሳሱ እኮ ሌላ ናቸው» ተባለ። ፕላስተሯ በሁለት መልክ ተመሰገነች ማለት ነው። የዶሮ ወጡ ላይ ዝም፣ ዝም፣ ዝም ሆነ። ከዚያ አጎቴ «ምን ለማለት ነው?» ብሎ ጻፈ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ፣ እዚያ ሌሊት መሆኑ ሳያግዳት፣ «እኔ ድሮም ብያለሁ» አለች። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አልተናገረችም። ጥቂት ቆይቶ ግሩፑ ራሱ «እቴቴ ወጥታለች» ሲል አስታወቀ።

ያልተቆረጠውን ቀረጻ ይዤ አጎቴ ቤት ሮጥኩ። 20 ሰከንድ፣ አንድ ፊት፣ ምንም ወጥ የለም። አይቶ አይቶ «ይሄኛው ሌላ ጊዜ የተቀረጸ ነው» አለኝ። ጎን ለጎን አድርጌ ባሳየው ጭራሽ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሰክቶ «የወጡ ላይ ከንፈራቸው ጎበጥ ብላለች፤ እዚህኛው ላይ የለችም» አለ። አንድ ፋይል ነው! ኩሌሾቭን ያስረሳ ተመልካች ማለት እሱ ነው። የሚገርመው ይኸው ነው፤ ትርጉሙን ራሱ ሠርቶ አምጥቶ ከፊቱ ላይ እንዳገኘው ይምላል።

ሌላ ማስረጃ አመጣሁ። የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ይህንኑ ነገር በቴሌቪዥን ሲያስረዳ በገዛ ፊቱ ነው። መጀመሪያ እናትና ሕፃን ይታያሉ፣ ከዚያ እሱ ፈገግ ይላል፤ ደግ ሽማግሌ ነው። ሕፃኑን አውጥቶ የዋና ልብስ የለበሰች ልጃገረድ ሲያስገባ ያው ፈገግታ ባለጌ ሽማግሌ አደረገው። እ.ኤ.አ. የ1954ቱ «ሪር ዊንዶው» ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር በዚህ የቆመ ነው፤ እግሩ የተሰበረ ሰው በመስኮት ያያል፣ ያየው ይታያል፣ ተመልሶ ፊቱ ይታያል። አጎቴ በጥሞና ሰማኝና «ሂችኮክ ምራት ነበረችው?» አለ። ሰውየው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረችው። ክርክሩ እዚያው ላይ አበቃ።

በነገራችን ላይ ዶሮው ሲታረድም ቀርጬ ነበር። ሌላው የሶቪየት ዳይሬክተር አይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ1925 በታየው «አድማ» ፊልሙ ሠራተኞቹ ሲጨፈጨፉ የበሬ እርድ እያስገባ ይቆርጣል፤ ተመልካቹ ሁለቱን አጋጭቶ ሦስተኛ ሐሳብ እንዲያወጣ ነው። ያንን እርድ ከአያቴ ፊት ቀጥዬ አስገብቼው ቢሆን ኖሮ የሰፈር ሽማግሌ አይበቃንም ነበር።

መፍትሔው ከፈረንሳይ መጣ። የፊልም ሃያሲው አንድሬ ባዛን «ሞንታዥ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለው። የነገሩ ፍሬ ሁለት አካላት አብረው በመገኘታቸው ላይ ከቆመ መቁረጥ አይፈቀድም ይላል። ምሳሌው እ.ኤ.አ. የ1928ቱ የቻፕሊን «ሰርከስ» ነው፤ ቻፕሊንና አንበሳው በአንድ የአንበሳ ማጎሪያ፣ በአንድ ፍሬም ይታያሉ። እያንዳንዳቸው ለብቻ ተቀርጸው ቢቀጣጠሉ ማን ይፈራል? እኔም አማትና ምራትን በአንድ ፍሬም ለማስገባት ወሰንኩ። በዕርቁ ምሳ ላይ፣ አዲስ በተሠራ ዶሮ ወጥ፣ ያለ አንድ ካት።

አያቴ መሶቡ ፊት፣ ከስልኩ አንድ ሜትር ላይ ተቀመጡ። እቴቴ ከኋላ፣ ሦስት ሜትር ያህል ርቃ ከጓዳው በር ቆመች። የካሜራ ባለሙያው ግሬግ ቶላንድ እ.ኤ.አ. በ1941 ለታየው «ሲቲዝን ኬን» ፊልም ቅርቡንም ሩቁንም ጥርት ለማድረግ ሰፊ ሌንስ፣ ጠባብ የሌንስ ቀዳዳና ኃይለኛ መብራት አስፈልጎታል። የስልክ ሴንሰር፣ ብርሃኑን የምትቀበለው ክፍል፣ ትንሽ ስለሆነች ይህንን በነጻ ትሰጣለች። ብቻ ከኋላ ያለውን የሚያደበዝዘው ምርጫ ይጥፋ፤ እቴቴ ከደበዘዘች ሌላ ጠብ ነው። ስልኩ የበረራ ሁነታ ላይ ይሁን፤ ጥሪ ሲገባ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል፣ አክስቴ ደግሞ የምትደውልበትን ሰዓት ታውቃለች። ባዶ ቦታም ይኑር፤ ተራው ጥራት በደቂቃ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይበላል። ስልኩን ረከቦቱ ላይ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ለቀቅኩት። ድምፁንም በዚህኛው አላጠፋሁም፤ ባዛን እውነታውን እንዳለ ነው የሚፈልገው።

አያቴ ቆረሱ፣ ጠቀለሉ፣ ጎረሱ። ፊታቸው ምንም አላለም። አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ በኩራት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አያቴ አላምጠው፣ ውጠው፣ ውሃ ጠጥተው ወደ ጓዳው ዞር አሉና፣

«ልጄ፣ ቁሌቱ ትንሽ ቸኩሏል» አሉ።

አንድ ፍሬም፣ አንድ ቀረጻ። ከፊት አያቴ፣ ከኋላ የእቴቴ ፊት፣ ሁለቱም ጥርት ብለው።

አጎቴ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ «ይቺን ቁረጣት» አለኝ።

«አንድ ሾት ናት፤ ከየት ጀምሬ ልቁረጥ?»

«ከእናቴ ጀምር።»