አህያ ነጂው የማን ጎረቤት ነበር?

የድሬዳዋን የኮንትሮባንድ ጨዋታዎች ከአዛውንቶች አፍ መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ አንዱ ደብተር ሞልቶ ሁለተኛውን ይዣለሁ፤ ደስ ብሎኛል። አጀማመሩ ቀላል ነበር። ከተማዋ ራሷ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናትና «የባቡሩ ጊዜ» ሲባል ሁሉም የሚያወራው አለው። ከጅቡቲ ድንበር ከደወሌ ወዲህ ፊናንስ (የጉምሩክ ፈታሽ) ሲፈትሽ ቀሚስ በቀሚስ ደርባ የተቀመጠችው ሴት፣ ባቡሩ ጣቢያ ሳይገባ በመስኮት የሚወረወረው ጥቅል፣ ከታች ሮጦ የሚያነሳው ልጅ ወዲያው ተገኙ።

ያስቸገረኝ የአህያው ተረት ነው። ሰውየው በየቀኑ ጭድ የጫነ አህያ እየነዳ ኬላውን ያልፋል። ፊናንሱ ጭዱን በትኖ ይፈትሻል፤ ምንም የለም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ገበያ ላይ ያገኘውና «ለመሆኑ ምን ነበር የምታሳልፈው?» ይለዋል። «አህያ።»

ቀፊራ ገበያ አጠገብ ያጫወቱኝ እናት «የጎረቤቴ ታሪክ ነው፣ ልጄ» ብለው ማሉልኝ። አንድ አባት ደግሞ በሶማሌላንድ ድንበር፣ ቶጎ ውጫሌ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ አሉ። ይኸው ተረት በቱርክ የዝነኛው የቀልድ ሰው የነስረዲን ሆጃ ነው፤ በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር አህያው ብስክሌት ሆኗል።

ታዲያ የማን ብዬ ልመዝግበው? «ከውጭ የመጣ» ብሎ መሰረዝ ለእኔ ስንፍና ነው። አሁን የተረቱን አጥንት በአንድ መስመር እጽፍና የቀረውን ገጽ ተራኪው ከራሱ ለጨመረው እሰጣለሁ። በእኒያ እናት አፍ ፊናንሱ ደመወዙ ትንሽ፣ ልጆቹ ብዙ የሆኑ ምስኪን ነው፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ አብረው ሻይ ይጠጣሉ። በአባትየው አፍ ግን ከሩቅ የመጣ፣ ሶማሊኛ የማይሰማ ሰው ነው፤ አህያ ነጂው ደግሞ ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም ዘመድ አለው፤ ኬላው የቆመው በአጎቱ ደጅ ላይ ነው።

አደራ፣ «እውነት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ጨዋታው ምስክርነት ይሆንና ሰው ይፈራል። የጨርቁን ዓይነት፣ ጥቅሉ የሚጣልበትን ቦታ ጠይቁ። መቅረጫ አልወድም፤ ሲጠፋ የሚነገረው ይበልጣል። ነገር ግን አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እየተቀላቀለ የሚፈስሰውን የድሬ ቀልድ ብዕር አይደርስበትም፤ ለዚያ ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅረጹ። ዛሬም በሥራው ያለን ሰው ግን እኔ አልጠይቅም፣ ስምም አልጽፍም።

በሞያሌ ወይም በመተማ በኩል የአህያውን ተረት የሰማችሁ ካላችሁ፣ እዚያ ፊናንሱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጻፉልኝ።