የጭስ ማውጫው ጫፍ

ጅማ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ዝገትን አያማርርም፤ ይለምደዋል። ዝናብ የሚዘንብባቸው ወራት ከደረቆቹ ይበዛሉ፤ የጭስ ማውጫ ደግሞ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ይረጥባል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ከቤት መርካቶ፣ ከመርካቶ ቤት ብቻ የምትመላለስ መኪና ቱቦዋ በደንብ ሳይግል ሞተሩ ስለሚጠፋ ያ ውሃ እዚያው ይቀራል።

ዛሬ የመኪናዬ የቀድሞ ባለቤት ጭስ ማውጫው ላይ ለጌጥ የሰካቸውን ሁለት የሚያብረቀርቁ ጫፎች ለማውለቅ ግቢ ውስጥ ስታገል ዋልኩ። (ጌጡ ለማን እንደሆነ እንጃ፤ ከኋላ ለሚመጣው ባጃጅ ይሆናል።) የማሰሪያው ቡሎን መፍቻው ሲነካው ይፈረፈራል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በቱቦውና በጫፉ መካከል እንደ ሽብልቅ ይጠብቃል፤ ዝም ብሎ መጎተት ድካም ነው። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ረጭቼ ቡና እስኪፈላ ተውኩት። ጎረቤታችን ጋሼ ብቅ ብለው "እሳት አሳየው እንጂ!" አሉኝ። ዘይት በጠጣ ብረት ላይ፣ ያውም ከነዳጅ ቋቱ አጠገብ? "ይቅርብኝ ጋሼ" አልኩ። ቡሎኑን በሰጌቶ (በብረት መጋዝ) ቆረጥኩት፤ ከዚያ ጣውላ ደግፌ ዙሪያውን በመዶሻ መታ መታ፣ ግራ ቀኝ ጠምዘዝ። ቀይ ዱቄት እያራገፈ ወጣ።

ሁለተኛው ግን ወይ ፍንክች! ዘይቱን ጠጥቶ እንዲያድር ትቼዋለሁ፤ ነገም እምቢ ካለ በቁመቱ ሰንጥቄ አወጣዋለሁ። ቱቦውን ሳይነካ የሚቆርጥ እጅ ያለው ሰው ካለ፣ ቡናው በእኔ ነው።